የፖሊመርና የፖሊሳካራይድ ማጣቀሻ፦ የትኛውን ልግዛ?

ሥራችሁ ፖሊሳካራይድ (ከስኳር አሃዶች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊመር) ላይ ከሆነ ብራንድሩፕና ኢመርጉት ያዘጋጁትን «ፖሊመር ሃንድቡክ» ለመግዛት አትቸኩሉ። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔም እስካሁን እጠቀምበታለሁ። ግን 4ኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ አብዛኛው ገጹም ሠንጠረዥ ነው። አንድ ፖሊመር በምን እንደሚሟሟ ገለጥ አድርጋችሁ ታገኛላችሁ። ለምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ መጽሐፍ መክፈት ሊኖርባችሁ ነው።

ለፖሊስታይሪን፣ ማለትም ለተራው ፕላስቲክ፣ ይህ ብዙ አይጎዳም። የሰንሰለቱ ርዝመት ቢለያይም የተሠራበት ነገር ያው ነው። አልጂኔት ግን ከባሕር አረም የሚወጣ ነገር ነው፣ የአረሙ ዓይነት ሲቀየር በውስጡ ያሉት የሁለቱ የስኳር አሃዶች፣ የጉሉሮኔትና የማኑሮኔት፣ መጠንም አብሮ ይቀየራል። ጉሉሮኔት የበዛበት ከካልሲየም ጋር ጠንካራና ተሰባሪ ጄል ይሠራል፣ ማኑሮኔት የበዛበት ደግሞ ለስላሳና ተለጣጭ። ታዲያ «አልጂኔት» ብሎ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሠንጠረዥ ምን ያደርግልኛል?

እኔን ያቃጠለኝ ካይቶሳን (ብዙ ጊዜ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ፖሊሳካራይድ) ነው። የቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ውጤቴን ወደ ሞለኪውል ክብደት ለመቀየር የማርክ-ሃውዊንክ ቋሚዎችን፣ ማለትም ሁለቱን የሚያያይዙትን ቁጥሮች፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ወሰድኩ፤ የአሲዱ ዓይነትና የጨው መጠኑ ከእኔ ሙሙት ጋር እንደማይገጥም ያየሁት ስሌቱን ጨርሼ፣ ሪፖርቱንም ጽፌ ካበቃሁ በኋላ ነው። ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሳገላብጥ መጀመሪያ የማየው ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ነው። አሟሚው፣ ሙቀቱ፣ የጨው መጠኑ፣ የሞለኪውል ክብደት ክልሉ አለ? ለካይቶሳን ደግሞ የዲአሲቲሌሽን ደረጃው (ምን ያህሉ የአሲቲል ቡድን እንደተነሣለት)? ከሌለ መጽሐፉን መልሱት።

አንድ ብቻ ግዛ ብባል ፊሊፕስና ዊሊያምስ ያዘጋጁትን «ሃንድቡክ ኦፍ ሃይድሮኮሎይድስ» እወስዳለሁ፤ ሃይድሮኮሎይድ የሚባሉት ውሃን የሚያወፍሩ ወይም ጄል የሚያደርጉ እንደነዚህ ያሉ ነገሮች ናቸው። አልጂኔቱም፣ ፔክቲኑም፣ ካራጊናኑም የየራሱ ምዕራፍ አለው። ከየት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚመረት፣ መዋቅሩ ምን እንደሚመስልና በምን መንገድ ጄል እንደሚሆን በአንድ ቦታ ታነባላችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ጄሉ አልረጋ ሲላችሁ የምትፈልጉት ይህን ነው። ጉድለቱ ወደ ምግብ ማዘንበሉ ነው፣ ለመድኃኒት ማድረሻ ወይም ለቁስል መሸፈኛ የምትሠሩ ሰዎች ተጨማሪ መጽሐፍ ያስፈልጋችኋል። 3ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል፤ የ2009ኙን 2ኛ እትም በርካሽ ካገኛችሁ ግን ለመሠረታዊው ኬሚስትሪ አያሳፍራችሁም። ፖሊመር ሃንድቡኩን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የምትፈልጉትን ገጽ ብቻ እዩት።