አንዷን መፅሔታችንን ሁለት አድርጋ ለሰጠችን እህታችን ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ በተለይ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ያላችሁ። ይሄን ፅሁፍ ከወር በፊት ልለጥፈው ነበር፣ ግን ሁለቱም ታትመው በእጄ ሳልይዛቸው ምስጋና አልጀምርም ብዬ ቆየሁ። ይኸው ትናንት ማታ ደረሱ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፣ ቀለማቸው ገና ይሸታል፣ ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ነው ወደናንተ የመጣሁት።

ለማታውቁን፣ እኛ የስነ ፅሁፍ ወዳጆች ነን፣ አብዛኞቻችን መምህራን ነን፣ አንድ ሁለት የቢሮ ሰራተኛ አለን፣ አንድ መሪጌታም አሉን። ከኪሳችን እያዋጣን የኪነ ጥበብና የባህል ሂስ የሚወጣባት አንዲት መፅሔት እናሳትማለን። በዚች በአንዲቷ ውስጥ የአዲስ ልቦለድ ሂስ አለ፣ የፊልምና የቲያትር አስተያየት አለ፣ ገፁን ስትገልጡት ደግሞ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ቅኔ፣ የአዝማሪ ግጥም፣ የእናቶቻችን ሙሾ ይመጣል። እኛ እንደዛው ተደባልቃ እንወዳት ነበር፣ አንባቢው ግን ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። ወጣቶቹ የፊልሙን አንብበው ቅኔው ጋ ሲደርሱ ይዘጓታል፣ የቅኔ ቤት ሰዎች ደግሞ ለሁለት ገፅ ብለን ይሄን ሁሉ ወረቀት እንግዛ እንዴ ይሉናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አንድ የሂስ፣ አንድ የባህል ትሁን ተባለና የቆዩትንም እትሞች በዚያው መልክ ለይተን እንደገና ልናሳትም ወሰንን።

መጀመሪያ የሰጠነው ሌላ ቦታ ነበር፣ ስም አልጠራም። ሰውየው የፅሁፎቹን ርዕስ ብቻ እያየ ለየ፣ ቅኔ የሚል ካለበት ወደ ባህል፣ መፅሐፍ የሚል ካለበት ወደ ሂስ፣ ውስጡን ሳያነብ። ይሄ ይስተካከል ነበር። የከፋው ፊደሉ ነው። ላሳምርላችሁ ብሎ በአንድ ትዕዛዝ ሠ የነበረውን ሁሉ ሰ አድርጎት አረፈ። ለዜና ወይ ለማስታወቂያ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለግዕዝ ቅኔ ግን ሞት ነው። ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚባለው፣ ሰረቀ ደግሞ ያው የሌባው ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ። መሪጌታ የታተመውን ናሙና ተቀብለው ሲያነቡ አንዷ ቃል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ዝም አሉ፣ ከዛ መነፅራቸውን አወለቁና "ልጄ፣ ፀሐይዋን ሌባ አደረጋችኋት እኮ" አሉኝ። ያን ቀን እቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ ነገሩን ሁሉ ልተወው ነበር።

እቺን እህታችንን ያገኘኋት ከዚህ በኋላ ነው። ስሟን እዚህ አደባባይ ላይ እንዳልፅፍ ለምናኛለች፣ አከብራለሁ። ኮምፒውተር ፅህፈት ቤት ነው ያላት፣ ትንሽዬ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የማጠፊያ ጠረጴዛ። ፋይሉን በፍላሽ ይዤላት ስሄድ ፍላሹን ወደ ጎን አድርጋ "ጋሼ፣ መጀመሪያ የታተሙትን አምጡልኝ፣ ላንብባቸው" አለችኝ። አንብባ ስትጨርስ በእርሳስ የተፃፈ አንድ ሉክ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ፣ የትኛው መፅሔት እንደሚገቡ ለይቼ አልጨረስኩም ያለቻቸው ፅሁፎች ዝርዝር ነው። መጀመሪያ የፃፈችው ስለ ዮፍታሄ ንጉሤ የወጣው ነበር። ዮፍታሄ እንግዲህ የኛው የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፣ ቅኔ ተምሮ ያደገ፣ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ተውኔት የፃፈ። ቅኔ ቤት ነው ብለህ ወደ ባህል ትወስደዋለህ ወይስ ቲያትር ነው ብለህ ወደ ሂስ? ሀዲስ ዓለማየሁም እንደዛው፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ላይ አንድ ጓደኛችን የፃፈው ግማሹ የልቦለድ ሂስ ነው፣ ግማሹ ስለ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ኑሮ ነው። እኛ በዚህ ላይ ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቀናል።

እሷ የጠየቀችን ጥያቄ አንድ ነው። "ፅሁፉ ስራውን እየመዘነ ነው ወይስ የማያውቅ ሰው እንዲያውቅ እያስረዳ ነው?" አለች። የሚመዝን ከሆነ ስለ ቅኔም ቢሆን ሂስ ነው፣ የሚያስረዳ ከሆነ ስለ ተውኔት ደራሲም ቢሆን ባህሉ ጋ ይሂድ። በቃ። ስለ ዮፍታሄ የተፃፈው አብዛኛው የቅኔ ትምህርቱን የሚያስረዳ ስለሆነ ባህሉ ጋ ገባ፣ የፍቅር እስከ መቃብሩ ሂሱ ጋ ቀረ፣ አንዱም ፅሁፍ ለሁለት አልተቆረጠም፣ በሌላኛው መፅሔት ማውጫ ላይ ብቻ "ሙሉውን እዚያኛው ላይ ያገኙታል" የምትል መስመር ከነገፅ ቁጥሩ አስገባች። ስንት ዓመት መፅሔት ያዘጋጀን ሰዎች ይሄ አልታየንም ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ከዛ የፋይሉ ጣጣ አለ። የድሮ እትሞቻችን ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ የተተየቡ ናቸው፣ ዛሬ በየኮምፒውተሩና በየስልኩ በሚነበበው በዩኒኮድ አይደለም፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ፊደሉ በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። እሷ ወደ ዩኒኮድ ቀየረችው፣ ግን መቀየሪያው ጨረሰ ብላ አላለፈችውም፣ ቅኔዎቹን አንድ በአንድ ከመሪጌታ የእጅ ፅሁፍ ጋር አስተያየችው። ሐ ይሁን ሀ ይሁን ኀ ይሁን ስትጠራጠር ትደውልላቸዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ እሳቸው ፊደሉን ሲነግሯት እሷ ስታርም ደረስኩ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፣ እሷም ግዕዝ አልተማርኩም ትላለች ግን ጥንቃቄዋ የተማረ ሰው ጥንቃቄ ነው።

የገፁንም ልንገራችሁ። አንድ የታጠፈ ወረቀት አራት ገፅ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ መሀሉ በሽቦ የሚሰፋ መፅሔት ገፁ ለ4 መካፈል አለበት። የባህሉ 26 ሆኖ ወጣ። ፅሁፍ ቀንሱና 24 አድርጉት ትለናለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን 28 አድርገን በሁለቱ ገፅ መሪጌታ ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር ቅኔ አንዱን ሰሙንና ወርቁን ለይተው ለጀማሪ ያስረዱበት አለች። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ለማስረጃ ይመቻል። አሁን ከሁሉ በላይ እየተነበበ ያለው ያ ገፅ ነው፣ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ፎቶ እያነሱ ይላላካሉ፣ ድሮ ቅኔው ጋ ሲደርሱ መፅሔቱን ይዘጉ የነበሩት ልጆች!

ክፍያዋ በገፅ ነው፣ ቀድማ ትናገራለች፣ የተነጋገርነው ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረችም። በቀጠሮዋ ሶስት ቀን ዘግይታለች፣ ግን መብራት ስለጠፋ ነው፣ ያኔውኑ ደውላ ነግራናለች።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። መሪጌታም ሰላም በልልኝ ብለዋል፣ የባህሉን መፅሔት ሲያነቡ እዛች ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው ያነበቧት።

እና ወገኖቼ፣ የመመረቂያ ፅሁፍ ያላችሁ፣ የግጥም መድብል ልታሳትሙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ግዕዝ ያለበት የደብር ታሪክ ወይ የቅኔ ስብስብ ያላችሁ፣ 300 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተቱ፣ እሷ አለችላችሁ። ደጀንም ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ያለ ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክላታል፣ ትሰራለች። ስልኳን ለሚፈልግ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፣ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ። የእጅ ፅሁፍ ካላችሁ ግን ኮፒውን አብራችሁ ላኩላት፣ መጠየቋ አይቀርም።