ባለ 4ኬ ወይስ ባለ 144 ኸርዝ?

በአርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ጌም ለሚጫወት ሰው ሁለት ሞኒተር ላወዳድር፦ 27 ኢንች ባለ 4ኬ 60 ኸርዝ እና 24 ኢንች ባለ 1080 144 ኸርዝ። 4ኬና 1080 የሚነግሩን የፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው፤ ኸርዝ ደግሞ ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ አዲስ ምስል እንደሚያመጣ።

4ኬው ለዓይን ያምራል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ፊልም ለሚያይና ፎቶ ለሚሠራ እሰየው ነው። ጣጣው ያለው ካርዱ ላይ ነው። ባለ 1080ው 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ 4ኬው ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ካርዱ ለእያንዳንዱ ምስል አራት እጥፍ ፒክስል መሙላት አለበት። ከባድ ጌም ሲከፈት ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ያኔ ጥራቱን መቀነስ ግድ ይላል። ታዲያ 4ኬ መግዛቱ ምን ጠቀመ?

ባለ 144ው ሌላ ነገር ነው። በየ7 ሚሊሰከንዱ ገደማ አዲስ ምስል ያመጣል፤ ባለ 60ው ግን በየ17ቱ። ማውሱን ሳብ አድርጋችሁ ዞር ስትሉ፣ ግድግዳው ጥግ የቆመው ጠላት ብዙም ሳይደበዝዝ ይታያችኋል። ለተኩስ ጌም ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ እሱን እገዛለሁ።

ብቻ ስትሰኩት ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 144 አድርጉት። የሞኒተሩን ገመድም ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩት።