«ፈራሽ ነው» የተባልኩት ቤት፤ ክረምቱንና ውርጩን ካሳለፍኩበት በኋላ

ሚዛናዊ ግምገማ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ። ደብረ ብርሃን የገዛሁትን አሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤት እወደዋለሁ። የምወደው ደግሞ ስለሚሞቅ ነው። በሩ በክረምት እያበጠ አልዘጋም ይላል፣ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ግን ይሞቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ከተማ ያደረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ላላደረ ሰው፦ ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚርቀው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ከዚያ በቀላል ሹራብ የሚመጣ እንግዳ በማግሥቱ ጋቢ ሲያጠያይቅ ይውላል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ወርዶ አይተው ነው ከተማውን የቆረቆሩት ይባላል። ብርዱን ያዩት ከቆረቆሩ በኋላ መሆን አለበት።

ቤቱን ያሳየኝ ደላላ አንዴም ስለ ሙቀት አላነሳም። በሩን ከፍቶ እንኳ በቅጡ አላስገባኝም። «እህቴ፣ ይሄን አትይው፣ ፈራሽ ነው። አንቺ የምትገዢው መሬቱን ነው። ሰርቢሷን ግን እያት! ብሎኬት ናት፣ ሊሾ ናት፣ እሷን አከራይተሽ ትልቁን ታፈርሺና ጂ ፕላስ ዋን ትሠሪያለሽ» አለኝ። እናቴም ስትሰማ ከሱ ጋር አበረች፤ «በስተርጅናሽ ጭቃ ልትለቀልቂ ነው?» አለች። አርባ ዓመት ለእሷ እርጅና ነው።

ደላላ ወንድሜ፣ አሁን ክረምቱም ውርጩም ስላለፈ ልመልስልህ። መሬቱን ነው የምትገዢው ያልከው በሕግም አያስኬድም። የከተማ ቦታ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት የሸጠም የገዛም የለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ውሉ ላይ የተጻፈው «ቤት» ነው። እንዲያውም በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል ብሎ ደንግጓል። እንግዲህ ቦታውን በየዓመቱ ለመንግሥት እየከፈልኩ የምይዘው ከሆነ፣ ብሬን ያወጣሁበት ነገር ያው «አትይው» ያልከኝ ግድግዳ ነው። እኔም ያየሁት እሱን ነው።

ግድግዳው ጥርብ ሳይሆን ካብ ድንጋይ ነው፤ በጭቃ ተያይዞ ከውስጥም ከውጭም በጭድ ጭቃ ተመርጓል። ውፍረቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ እጄን ዘርግቼ ለካሁት፤ ከክንድ ያልፋል። መስኮቶቹ ትንንሾች ናቸው። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በእንጨት ተረብርቦ በጭቃ የተለሰነ ቆጥ አለ፤ የድሮዎቹ ባለቤቶች ገብስ ያኖሩበት ነበር አሉ። ደላላው ቆጡን «ቆሻሻ ነው፣ ታነሺውና ፒቪሲ ኮርኒስ ታስመቺበታለሽ» ብሎኛል። አላነሳሁትም፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ምክንያቱ ይኸው። የደብረ ብርሃን ችግር ቀኑ አይደለም። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ኮት የሚያስወልቅ ፀሐይ አለ። ሰማዩ ግን ደመና የለውም፣ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይለቀዋል፣ ሊነጋ ሲል ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት እንዲህ ሲሰፋ ቀጭን ግድግዳ ሁለቱንም ተከትሎ ይሮጣል፤ ከባዱ ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ቀስ እያለ ማታ ይመልሳል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሸክላ ምጣድና የብረት መጥበሻ ላይ እጇን አስጠግታ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልጋትም። ብሎኬት 15 ወይም 20 ሳንቲ ነው፣ ሆዱም ባዶ ነው። የእኔ ግድግዳ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲነካ ገና ለብ ይላል።

ሁለተኛው ነገር ቤቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞሩ ነው። ሥራዬ ብሎ ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ብርዱ በሚከፋበት ወራት የፊቱ ግድግዳና በረንዳው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ከምሥራቅ፣ ከገደሉ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይገድበዋል። እዚህ ከተማ ቤት ለማየት የምትመጡ ሰዎች፣ ካርታውን ከማየታችሁ በፊት ቁሙና ጥላችሁን እዩ። የቤቱ ደቡብ ላይ ምን አለ? ፎቅ ነው? ፎቅ ሊሆን የሚችል ባዶ ቦታ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ተወደሰችው ሰርቢስ። ጠባሴ ሰፈር በብሎኬት ቤት ተከራይታ የምትኖር ጓደኛዬ ብርዱን ስታማርር ታጋንናለች እል ነበር። የራሴን ሰርቢስ ያከራየኋቸው ሁለት ተማሪዎች ታኅሣሥ ላይ በሬን አንኳክተው «እትዬ፣ ፍራሹ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን?» አሉኝ። ቧንቧ የለም። ሌሊት የተነፈሱት ትንፋሽ ባዶው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው ጠዋት የሚወርድባቸው። ኮርኒስ አሠራሁላቸው፤ ጠብታው ቀረ፣ ብርዱ አልቀረም። ማታ ማታ «ልናጠና» እያሉ እኔ ሳሎን መጥተው ይቀመጣሉ። ኪራዩን መቀነስ ነበረብኝ፣ ቀነስኩ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተከራይ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ማየት ያሳፍራል።

ሰርቢሷ ተሰንጥቃለችም። ይህኛውን ቀድሜ ጠርጥሬዋለሁ። ግንቦት ላይ ስናይ ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ለምን እሱ ብቻ ስል ሻጩ «እንግዳ ይመጣል ብለን ነው» አለ። እንግዳ ሲመጣ አንድ ግድግዳ የሚቀባ ሰው አላውቅም፤ በዚያች ቀለም ዋጋ አስቀነስኩ። ግቢው መረሬ አፈር ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸብና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ጥልቅ መሠረት የሌለውን ግንብ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጥር ሲገባ ቀለሙ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ ተተረተረ። ትልቁ ቤት በዚያው አፈር ላይ ነው የቆመው፤ የጥንቶቹ ግንበኞች ግን መረሬውን ጨርሰው ቆፍረው ድንጋይ ላይ እንዳደረሱት ጥጉን አስቆፍሬ አይቻለሁ። የጭቃ መጋጠሚያው ደግሞ ትንሽ ትንሽ እንቅስቃሴ ይችላል፤ ቢሰነጠቅ ጭቃ ነው፣ ትመርጊዋለሽ፣ አለቀ።

ፈራሽ ያለው ማን ነበር?

የባለቤቴ ወንድም ውጭውን በሲሚንቶ አስለስኝው፣ ዘመናዊ ይሆናል እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነበር። ያሠራኋቸው አባት ግንበኛ ግን እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ልጄ፣ ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ከኋላው አበስብሶ አንድ ቀን አንሶላ ሆኖ ይወርድልሻል» አሉ። የጤፍ ጭድ አስመጥተን፣ ጭቃውን አቡክተን እስኪሸት አሳድረን እንደገና ተመረገ። አሸንዳ ያልነበረውን የኋላውን ክዳን አሸንዳ አስገባሁለት፣ ምክንያቱም የዚህ ቤት ጠላት ብርድ ሳይሆን እግሩ ሥር የሚረጭ የጣሪያ ውኃ ነው። በሐምሌ የሰሜኑ ጓዳ ግድግዳ እስከ ጉልበት ረጥቦ ነበር። አሮጌ የጭቃ ቤት ስታዩ ፊቱን ተዉትና በጀርባው ዙሩ፤ የግድግዳውን እግር በጣታችሁ ጫን በሉት፣ የእንጨት ቤት ከሆነም ቋሚው አፈር የሚነካበትን ቦታ በቢላ ወጋ አድርጉ። ቢላው ከገባ ሂዱ።

ስለ ሰፈሩ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሰፈር ነው። ከመግዛቴ በፊት አንድ ማታና አንድ እሑድ ጠዋት ብቻዬን ዞሬበታለሁ፤ ከደላላ ጋር የሚታይ ሰፈር ሁሉ ጸጥ ያለ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከሁለት ግቢ ወዲያ ነው፣ ይሰማል፣ ለምጄዋለሁ። አረቄ ቤቱ ይሰማል፣ አልለመድኩትም። ጠዋት የኩበት ጭስ ቀዝቃዛው አየር ሥር ተኝቶ ፀሐይ እስኪወጣ አይነሳም፤ አስም ያለበት ሰው ቢያስብበት ይሻላል። ውኃን ለማወቅ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ መቁጠር በቂ ነው። እኔ ከቆጠርኩ በኋላ ከጎን ያሉትን እማማንም ጠየቅኩ፤ «ውኃውስ ሌሊት ነው የሚመጣ፣ እንቅልፍሽ ቀላል ከሆነ ጥሩ ነው» አሉኝ። የቤቱ ባለቤት የሞቱበትን ዓመት፣ ከልጆቻቸው ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ውጭ አገር እንዳለ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚያ ምክር ነው የወራሽነት ማስረጃው ላይ ያለ እያንዳንዱ ስም፣ የየትዳር ጓደኛቸውም ፊርማ ሳይሟላ አንድ ብር አልከፍልም ያልኩት። ሻጩ ተቆጣ፤ «እኛ እንተማመናለን» አለ። እንተማመን፣ ግን የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት ይመዝገብ ይላል። እግድ ይኖርበት እንደሆነ፣ መንገድም ያልፍበት እንደሆነ ሄጄ አጣርቻለሁ። ይህን ሁሉ ማንም ይነግራችኋል፤ እማማን ከመሰለ ጎረቤት ጋር ግን ቀድማችሁ ቡና ጠጡ።

እናቴ በገና መጥታ ሰነበተች። ሁለት ባና እና በርኖስ ይዛ ነው የመጣችው። በሁለተኛው ሌሊት አንዱን ባና ጥላ ተኛች፣ ስለ ጭቃውም ከዚያ ወዲህ ያነሳችው የለም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ከፊት ለፊቴ፣ በደቡብ በኩል ያለው ግቢ ለሽያጭ ወጥቷል ተብሏል። ያው ደላላ ባለፈው ሳምንት ደወለ፤ አንድ ባለሀብት የፊቱንና የእኔን አንድ ላይ ይፈልጋል፣ ሁለቱንም አፍርሶ ሆቴል ሊሠራ። «ያው ያንቺው ፈራሽ ነው እኮ» አለኝ ደግሞ፣ ሳያፍር። አልሸጥም አልኩት። የፊቱ ፎቅ ከሆነ የበረንዳዬ ፀሐይ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ከባለ ግቢው ጋር እማማን ሽማግሌ አድርጌ እየተነጋገርኩ ነው፣ ለአገር ልጅ ለመኖሪያ ቢሸጥልኝ ብዬ። ባለቤቴም አንሸጥም ባይ ነው፤ «ለመሆኑ ስንት አሉ?» ማለቱን ግን አልተወም።