የትኛውን የመድረክ አልበም ልግዛ? አምስት የሮክና የፕሮግረሲቭ ቅጂዎች ሲነጻጸሩ

አንድን ሙዚቃ በስቱዲዮ ቅጂው ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያንኑ ሙዚቃ በመድረክ አልበም ደግሞ ለመግዛት ሲነሣ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መድረኩ በስቱዲዮው ሥራ ላይ ምን እንደጨመረ ነው። የተጨመረው የታዳሚ ጭብጨባ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለሌላ አልበም ቢያውለው ይሻለዋል። እዚህ የማነጻጽራቸው አምስት አልበሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 እስከ 1977 የወጡ የእንግሊዝ ባንዶች ሥራዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱ የሮክ፣ ሦስቱ የፕሮግረሲቭ ሮክ ናቸው። አምስቱም ስመ ጥር ይሁኑ እንጂ ለገዢ እኩል አይደሉም፤ ከመካከላቸውም እትሙን ሳያጣሩ ሊገዟቸው የማይገቡ አሉ።

ለጥያቄው ፈጣንና የማያሻማ መልስ የሚሰጠው የዲፕ ፐርፕል «ሜድ ኢን ጃፓን» ነው። አልበሙ የተቀዳው በኦገስት 1972 በኦሳካ ሁለት ምሽት፣ በቶኪዮው ቡዶካን አዳራሽ ደግሞ አንድ ምሽት ከቀረቡ ኮንሰርቶች ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ለጃፓን ገበያ ብቻ ነበር። በስቱዲዮ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጀው «ስፔስ ትራኪን» እዚህ ወደ ሃያ ደቂቃ ተዘርግቶ የሸክላውን አንድ ፊት ለብቻው ይይዛል። ርዝመት ብቻውን ምስክር አይሆንም የሚል ሰው «ስትሬንጅ ካይንድ ኦቭ ዉማን»ን ያዳምጥ፤ ሪቺ ብላክሞር በጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይወረውራል፣ ኢያን ጊላን በድምፁ ይመልሳታል፣ ጊታሩ ከፍ ሲል ድምፁም ይከተለዋል፣ ፉክክሩም ጊላን ጊታሩ ሊመልሰው በማይችል ረጅም ጩኸት እስኪደመድመው ድረስ ይቀጥላል። ይህ በስቱዲዮ ቅጂው ላይ ከቶ የለም። የቅጂው መሐንዲስ ማርቲን በርች ድምፁን በጥራት ስለያዘው፣ የጆን ሎርድ ኦርጋንና የኢያን ፔይስ ድራም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ተለይተው ይሰማሉ። በመጀመሪያ የወጡት ሰባቱ ሙዚቃዎች ለአብዛኛው ገዢ ይበቃሉ፤ በ1998 እትም ሁለተኛ ሲዲ ላይ የተጨመሩት ሦስት የመዝጊያ ዘፈኖች ደስ ያሰኛሉ፣ ባይኖሩም ግን አይጎድልም። የሦስቱን ምሽቶች ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት የሚወድ ብቻ በ1993 የወጣውን የሦስት ሲዲ ስብስብ ይፈልግ።

«ላይቭ አት ሊድስ» ግን እትሙን አጣርቶ መግዛት የሚያስፈልገው አልበም ነው። ዘ ሁ የተባለው ባንድ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የመመገቢያ አዳራሽ ያቀረበው ኮንሰርት ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀ ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት የወጣው ነጠላ ሸክላ አርባ ደቂቃ የማይሞላ በመሆኑ የያዘው ስድስት ዘፈን ብቻ ነው፤ ከስድስቱም ሦስቱ ባንዱ ከሌሎች የወሰዳቸው ናቸው። በ1995 የወጣው ሲዲ ቁጥሩን ወደ አሥራ አራት ሲያደርሰው፣ በ2001 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ እትም ደግሞ በዚያ ምሽት የተጫወቱትን «ቶሚ» የተሰኘ የሮክ ኦፔራቸውን ጨመረ። በኮንሰርቱ «ቶሚ» የቀረበው መሐል ላይ ነበር፤ እትሙ ግን ለብቻው ነጥሎ በሁለተኛው ሲዲ ላይ አስቀምጦታል፤ የምሽቱን ፍሰት እንደነበረ መስማት የሚሻ ሰው ቅደም ተከተሉን ራሱ ማስተካከል ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ሸክላ በእጁ ያስገባ ገዢ ደግሞ የሚሰማው መንጣጣት የሸክላው ጉዳት ነው ብሎ እንዳይደነግጥ፤ ድምፁ ከዋናው ቅጂ የመጣ በመሆኑ በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ እንዳይታረም ያዛል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ምርጫውን በጠባዩ ቢወስን ይበጀዋል። ዲፕ ፐርፕል አምስት ሆነው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰፊ ሜዳ ይሰጣሉ፤ በዘ ሁ በኩል ግን ከድምፃዊው ሌላ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝና አንድ ድራም ብቻ ነው ያለው፤ ቤዙ በአንድ ወገን፣ ጊታሩ በሌላው ወገን ስለሚሰማ በጆሮ ማዳመጫ ሲደመጥ የጆን ኤንትዊስል ቤዝ ምን ያህል የጊታር ሥራ እንደሚሠራ በግልጽ ይታወቃል። ለረጅም ሶሎ (አንድ ተጫዋች ለብቻው ለሚያሳየው ጨዋታ) ትዕግሥት የሌለው ሰው ሊድስን ይምረጥ።

በፕሮግረሲቭ ሮክ በኩል ምርጫው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ይህ ሙዚቃ በስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ በጥንቃቄ የተገነባ በመሆኑ፣ ባንዱ መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚደክመው አዲስ ነገር ለመፍጠር ሳይሆን የነበረውን ሳያጎድል ለመድገም ነው። የማነጻጽራቸው ሦስቱ አልበሞች በአንድ ሰው መገናኘታቸውን ልብ ማለትም ደስ ይላል፤ ድራመሩ ቢል ብሩፈርድ በሦስቱም ላይ አለ፣ ያውም ከሦስት የተለያዩ ባንዶች ጋር።

የየስ ባንድ «የስሶንግስ» በ1973 በሦስት ሸክላ የወጣ ሲሆን፣ የተቀዳው በ1972 ከተደረጉ ጉዞዎች ነው። በዚያው ዓመት ብሩፈርድ ባንዱን ስለለቀቀ የእርሱ ድራም የሚሰማው በጥቂት ቅጂዎች ላይ ብቻ ነው፤ በቀሩት ላይ የሚጫወተው ጉዞው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ቦታውን የተረከበው አለን ዋይት ነው። በኮንሰርቱ መግቢያ የሚለቀቀው ቴፕ የክላሲካል አቀናባሪውን የስትራቪንስኪን «ፋየርበርድ» አሰምቶ ሲያበቃ ባንዱ በ«ሳይቤሪያን ካትሩ» የሚገባበት ቅጽበት፣ በእኔ ግምት በፕሮግረሲቭ ሮክ የመድረክ አልበሞች ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው አከፋፈት ነው። አጨዋወቱም ከስቱዲዮው ይልቅ ፈጣንና ደፋር ነው። ችግሩ ድምፁ ነው፤ ድፍርስ ነው፣ ሁሉም መሣሪያ ሲገባ ኪቦርዱና ጊታሩ ይደባለቃሉ፤ የተሻለ መሣሪያ ቢገዙም አይጠራም። በዚህ ምክንያት ለድምፅ ጥራት ለሚጨነቅ ሰው የምመክረው በ2015 የወጣውን «ፕሮጀኒ» ነው፤ ከ1972 መጨረሻ የሰባት ኮንሰርቶችን ቅጂ በአሥራ አራት ሲዲ የያዘ ነው። ሰባቱም ምሽቶች ያንኑ የዘፈን ዝርዝር የሚደግሙ ስለሆኑ ሙሉው ስብስብ ለምርምር ካልሆነ በቀር አያስፈልግም፤ የተመረጠው የሁለት ሲዲ ቅጂ ይበቃል። ሆኖም የሮጀር ዲን ሥዕሎች ያሉበት የሦስቱ ሸክላ ማቀፊያ ራሱን የቻለ ሀብት ነውና፣ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ማጠፊያው ያልተቀደደ መሆኑን አገላብጦ ይመልከት።

የጀነሲስ «ሴከንድስ አውት» የዚህ ተቃራኒ ነው። በአብዛኛው በጁን 1977 በፓሪስ የተቀዳው ይህ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ጥርት ያለ፣ የተስተካከለ፣ ምናልባትም ከልክ በላይ የተወለወለ ነው። ድምፃዊው ፒተር ጋብርኤል በ1975 ከባንዱ ስለተለየ የእርሱን ዘፈኖች የሚዘፍነው የባንዱ ድራመር ፊል ኮሊንስ ነው፤ የሸክላውን ሦስተኛ ፊት ሙሉ የሚይዘውን «ሰፐርስ ሬዲ»ን ኮሊንስ በሚገባ ይወጣዋል፤ የጋብርኤልን የትወና ጠባይ የሚናፍቅ ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል። ለእኔ የአልበሙ ዕንቁ ከ1976 ጉዞ የተወሰደውና ብሩፈርድ የሚጫወትበት «ዘ ሲኒማ ሾው» ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ምቱ በሰባት ሲቆጠር፣ የቶኒ ባንክስ ኪቦርድ ከላይ እየዘመረ፣ ኮሊንስ ከማይክሮፎኑ ወደ ድራሙ ተመልሶ ሁለቱ ድራመሮች አብረው ሲገፉት፣ የስቱዲዮው ቅጂ ባለበት የቆመ ይመስላል። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ አዲስ ለሆነ ሰው ከሦስቱ በቅድሚያ የምመክረው ይህን ነው።

የኪንግ ክሪምሰን «ዩ ኤስ ኤ» ግን ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ባንዱን በ1974 ካፈረሰ በኋላ በ1975 የወጣ ሲሆን፣ በአብዛኛው የተቀዳው ጁን 28 ቀን 1974 በኒው ጀርሲ ግዛት በአዝበሪ ፓርክ ነው። ከሁለቱ ባንዶች በተለየ ክሪምሰኖች መድረክ ላይ ወጥተው ያልተዘጋጀ ሙዚቃ ይፈጥሩ ነበር፤ በከተማይቱ ስም የተሰየመው «አዝበሪ ፓርክ» ብሩፈርድ፣ ፍሪፕ፣ የቤዙ ጆን ዌተንና የቫዮሊኑ ዴቪድ ክሮስ እዚያው የፈጠሩት ነው። በስቱዲዮ አቻ ስለሌለው የመነሻ ጥያቄያችንን ከሁሉም በላይ ይመልሳል። አንድ ነገር ግን ገዢው ማወቅ አለበት፤ በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ የሚሰማው የክሮስ ሳይሆን ኤዲ ጆብሰን በኋላ በስቱዲዮ የደረበው ቫዮሊንና ፒያኖ ነው። የሚገዛውም «ፍራክቸር» እና «ስታርለስ» የተጨመሩበት የ2002 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ እትም ይሁን፤ የመጀመሪያው አጭር ነው። መደረቡ ቅር የሚያሰኘው ሰው በኖቬምበር 1973 በአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው አዳራሽ የተቀዳውንና በ1997 የታተመውን «ዘ ናይት ዋች» ይውሰድ። በነገራችን ላይ የዚያ ምሽት ቅጂ ከፊሉ የታዳሚው ድምፅ ተወግዶለት «ስታርለስ ኤንድ ባይብል ብላክ» በተባለው አልበም ላይ ገብቷል፤ ስለዚህ ያንን አልበም ያለው ሰው ሳያውቀው የመድረክ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ኖሯል ማለት ነው።

የባንዱን ስም ብቻ አይቶ በ1972 የወጣውን «ኧርዝባውንድ» ማንሣት ግን አይገባም። በካሴት የተቀዳ ነው፤ የአሜሪካው አሳታሚ አትላንቲክም በድምፁ ደካማነት ምክንያት ሊያሳትመው አልፈቀደም ነበር። ገንዘቡ ለነጠላ ሸክላ ብቻ የሚበቃ የፕሮግረሲቭ ሮክ ወዳጅ ከዚያ ይልቅ በ1973 የወጣውን «ጀነሲስ ላይቭ» ይፈልግ፤ አምስት ሙዚቃዎች ብቻ ቢይዝም፣ «ሴከንድስ አውት» ላይ የጎደለው ጋብርኤል የሚገኘው እዚያ ነው።