የአዲስ አበባ ሽሮ ቤቶችና አንድ የሥጋ ቤት ሂሳብ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በሦስት ሳምንት ቆይታዬ ከትልልቅ ሆቴሎች ይልቅ በየሰፈሩ ያሉትን ቁርስ ቤቶች፣ ሽሮ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች መርጬ በልቻለሁ። ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ያልኩትን፣ እንዲሁም እስካሁን ከሆዴ ያልወጣውን አንድ ሂሳብ እዚህ አስፍሬአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላትን ሽሮ ቤት ነው። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ፣ ከላዩ ቃሪያ ጣል ተደርጎበት፣ ገና ካልበረደ እንጀራ ጋር ሲቀርብልኝ ቃል ሳልተነፍስ ነው የጨረስኩት። እኛ እዚያ የምንሠራው ሽሮ ከዚሁ በሻንጣ የሄደ ቢሆንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ የበሶብላውና የኮረሪማው ሽታ ይጠፋል፤ እንጀራችንም ብዙ ጊዜ ከጤፍ ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ጾም ባልሆነ ቀን የሚሄድ ሰው ቦዘናውን ይዘዝ፤ ሥጋው ጥቂት ነው፣ ጣዕሙ ግን ይክሳል።

ለቁርስ ፉልን የሚያህል አላገኘሁም፤ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቶ ከትኩስ ዳቦ ጋር ሲቀርብ እስከ ከሰዓት ያቆያል። ጨጨብሳ በሁለት ቦታ ሞክሬ በሁለቱም ቅቤው ስለበዛብኝ ትቼዋለሁ፤ ምናልባት ጥፋቱ የሆዴ ይሆናል። ጭማቂ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ስፕሪስ ሳይጠጣ አይውጣ፤ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ፣ ሎሚ ተጨምቆበት በማንኪያ ይበላል። አሜሪካ ስሙዚ እያሉ በበረዶ የሚያቀጥኑት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ቅሬታዬ ስለ ሥጋ ቤቱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ቁርጥ የምንበላው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. መፍረሱን ብሰማም በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ታናሽ እህቴንና ባለቤቷን ይዤ ሄድኩ። የማውቀው አንድም በር ስላላገኘሁ የታክሲው ሹፌር ወደ ጠቆመን ሌላ ሥጋ ቤት አመራን፤ ስሙን አልጠቅስም። ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ደረቅ ጥብስ እንዲሆን አንድ ኪሎ አዘዝን። የሚዛኑ ፊት ወደ ቆራጩ ዞሮ ስለነበር ቁጥሩን አላየንም። ጥብሱ ሲመጣ ለሦስት ሰው ቀርቶ ለአንድ ሰው የሚበቃ ስላልመሰለኝ አስተናጋጁን ብጠይቀው፣ "ፋዘር፣ ሲጠበስ እኮ ይቀንሳል" አለኝ። (ፋዘር መባሌ ለብቻው አንድ ሐዘን ነበር።) ሲጠበስ መቀነሱ እውነት ነው፤ እሳት ያልነካው ጥሬ ሥጋ ግን ምን አሳነሰው ስለው መልስ አልነበረውም።

ሂሳቡ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ መጣ። በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሯል፤ በዚህ ስሌት ሜኑው ላይ 1,000 ብር የተባለ ምግብ 1,265 ብር ይወጣል። ያልከፈትናቸው ሁለት ውኃዎችም አብረው ተቆጥረዋል። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ከሜኑው ዋጋ በላይ ይታከላል፣ ጉርሻውም ከዚህ አገር ይበልጣል፤ ስለዚህ ጭማሪው ራሱ ባላስቆጣኝም ነበር። ያስቆጣኝ ታክሱን እየጠየቁ የማሽን ደረሰኝ አለመስጠታቸው ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ መጀመሪያ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ቀጥሎ ኔትወርክ የለም፣ ከዚያ ደግሞ ኃላፊው ወጥቷል ተባልኩ፤ እንዲህ ሲሆን አርባ ደቂቃ ሄደ። እህቴ "ጋሼ፣ ተወው በቃ፤ ለዚህች ብለህ ቀንህን አታበላሽ" ብትለኝም አልተነሣሁም። ባለቤቷ ደግሞ ሚዛኑ የዞረብን እኔ በየቃሉ "ይቅርታ" እያልኩ ሳዝ ከውጭ መምጣቴ ስለታወቀብኝ እንደሆነ በፈገግታ አስረዳኝ። በመጨረሻ ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቱን ወስዳ ታክሱንና ውኃውን ሰርዛ መለሰችልኝ። ደረሰኝ ግን አልሰጠችኝም። በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት የሚሰረዝ ታክስ ቀድሞውንም ወዴት ይሄድ እንደነበር ለመገመት አልተቸገርኩም።

ሥጋውን ግን መውቀስ አልችልም፤ ሻኛው በአዋዜና በሚጥሚጣ የልጅነቴን ጣዕም መልሶልኛል፣ ያናደደኝም በከፊል ይኸው ነው። ሥጋ ቤት የሚሄድ ሰው ቆራጩ ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ብልት ራሱ ያሳይ፣ ሚዛኑንም ይመልከት፤ ከማዘዙ በፊት ዋጋው ታክስንና አገልግሎትን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቅ።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ዓርብ ወደ ሃያ ሁለቷ ሽሮ ቤት ሄጄ በያይነቱ በላሁ፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ሱፍ ፍትፍቱ እንጀራውን ሸፍነውት ነበር፣ የማሽን ደረሰኙም ሳልጠይቅ ከሂሳቡ ጋር መጣ። በጾም ቀን ለመሄድ ያሰበ ከ6 ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ስድስቱም ጠረጴዛዎች ተይዘው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።