የዌልስን የኳስ ዓመት ያየሁበት የደብረ ብርሃን ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። አርሴናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ በሚጫወትበት ቅዳሜ ከጠባሴ እስከ መሀል ከተማ ድረስ በየመንገዱ ዳር የኮሜንታተር ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ቤት ቢሞላ ሌላው ይቀበላል። የሚያስቸግረው፣ አብዛኛው ሰው የማይጠይቀውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ የሚያሳይ ቤት ማግኘት ነው። ከጳጉሜ 2016 እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም አውሮፓውያን 2024/25 በሚሉት የውድድር ዘመን፣ የዌልስን ብሔራዊ ቡድኖችና ክለቦች በአንድ የሰፈራችን ኳስ ቤት ተከታትያለሁ። ኳስ ቤት ለደንበኛው ያለው አክብሮት የሚታወቀው አዳራሹ በሞላበት የደርቢ ቀን ሳይሆን አራት ሰው ብቻ በተቀመጠበት ምሽት ነው ብዬ ስለማምን፣ መልካሙንም ጉድለቱንም እንዳየሁት እጽፋለሁ። ጉድለቱን ስለማነሳም የቤቱን ስም መጥቀስ አልፈለግኩም።

ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ ረዘም ያለ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ በቀኝ በኩል፣ ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይ ደግሞ በሌላ ዲኮደር የሚሠራ አነስተኛ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ቤቱን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። ብዙኃኑ የሚፈልገው ጨዋታ በትልቁ ሲታይ፣ ጥቂቶች የሚፈልጉት በትንሹ ይታያል። አግዳሚዎቹ ደረቅ ጣውላ ቢሆኑም ባለቤቷ ከመንዝ ያስመጧቸውን ባናዎች አንጥፈውባቸዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መግቢያው ለማንኛውም ጨዋታ 20 ብር ሲሆን፣ ቡናና የገብስ ቆሎ ለብቻ ይከፈላል። በር ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በጠመኔ ያሳያል።

ዌልስን ለምን እንደምከታተል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሕዝቧ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ጥቂት የሚያልፍ፣ ተራራና በግ የሚበዛባት አገር ናት፤ ለእኛ ለደገኞቹ መልኳ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ላይ ደርሳ በሩብ ፍጻሜው በፔሌ ብቸኛ ጎል ከተሸነፈች በኋላ፣ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ እስከ 2022ቱ የኳታር ውድድር ድረስ 64 ዓመት ጠብቃለች። በመካከሉ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ቤልጅየምን 3 ለ 1 አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ስትገባ አይቻለሁ፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ልቤ ከእሷ ጋር ነው። የቡድኑ ኮከብ ጋሬዝ ቤል በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ግን ቡድኑ ደከመ። ወደ 2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ካርዲፍ ላይ በፖላንድ በመለያ ምት ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ሮብ ፔጅም ተሰናበተ። በእሱ ቦታ የተተካው፣ በሊቨርፑልና በማንቸስተር ሲቲ መለያ እዚህ አገር በደንብ የሚታወቀው ክሬግ ቤላሚ ነበር።

ሰዓቱን አስቀድሜ ልናገር፤ ከሩቅ ሰፈር ለሚመጣ ሰው ወሳኝ ነውና። ብሔራዊ ቡድኑ በሜዳው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ማታ 3፡45 ይጀምራሉ፤ እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ወደ 4፡45 ይገፋሉ። ቤቱ በእንዲህ ያለ ምሽት የውጭውን በር ዘግቶ የሚያስተናግደው የሰፈሩን ነዋሪዎች ብቻ ነው። የእኔ ቤት ሦስት አጥር ብቻ ስለሚርቅ አልተቸገርኩም፤ ማታ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ይህን ቤት ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ልመክረው አልችልም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጳጉሜ 1 ቀን በኔሽንስ ሊግ፣ ማለትም የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች በደረጃ ተከፍለው በሚወዳደሩበት ውድድር፣ ከቱርክ ጋር 0 ለ 0 ያለቀው ነበር። ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ዌልስ የሚል ቃል አልነበረም፤ የባለቤቷን ልጅ ለምኜ ነው ትንሹን ቴሌቪዥን የከፈተልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ በጭቃማው የሞንቴኔግሮ ሜዳ ኪፈር ሙር በ1ኛው፣ ሃሪ ዊልሰን በ3ኛው ደቂቃ አግብተው 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ ልጁ ራሱ ከትልቁ ቴሌቪዥን ዓይኑን እያነሳ ወደ እኛ ጥግ ይመለከት ጀመር። ቡድኑ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ወደ ኋላ ተሰብስቦ አንድ አጋጣሚ ይጠብቅ የነበረው ቡድን፣ በቤላሚ ዘመን ኳስ እንደተነጠቀ እዚያው ተሯሩጦ ለማስመለስ የሚጫን፣ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በቅብብል የሚወጣ ሆነ። ይህን የሚያየው ጨዋታውን ሙሉውን የተከታተለ ሰው እንጂ በስልኩ ጎሎቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ኳስ ቤት የምሄደውም ለዚህ ነው።

ኅዳር 10 ቀን፣ ኅዳር ሊታጠን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አይስላንድ ወደ ካርዲፍ የመጣችበትን ምሽት በቅርቡ አልረሳውም። ትንሹ ቴሌቪዥን ሥር ስድስት ሆነን ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀምጠናል፤ ከትንፋሻችን የሚወጣው እንፋሎት በስክሪኑ ብርሃን ይታያል። አይስላንድ ቀድማ አገባች። ሊያም ካለን በግንባሩ አቻ አደረገ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን ጨመረ። ከዕረፍት በኋላ ብሬናን ጆንሰንና ሃሪ ዊልሰን አከሉበትና 4 ለ 1 አለቀ። በዚያው ሰዓት ሞንቴኔግሮ ቱርክን 3 ለ 1 ስላሸነፈች ዌልስ ምድቡን በ12 ነጥብ፣ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ መርታ ወደ ኔሽንስ ሊጉ ከፍተኛ ደረጃ አደገች። የሞንቴኔግሮን ውጤት ሲከታተልልን የነበረው ልጁ ነው፤ እኛ ሳንጠይቀው በማስታወቂያው መሀል በትልቁ ቴሌቪዥን ቻናሉን እየቀየረ ውጤቱን ይነግረን ነበር። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዌልስ በምትጫወትበት ዕለት ስሟ ሰሌዳው ላይ ያለ ማሳሰቢያ ይጻፍ ጀመር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ እመጣለሁ። መጋቢት 16 ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሰሜን መቄዶንያ ጋር ነበር። የሁለተኛው ዲኮደር ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ ትንሹ ቴሌቪዥን ጠፍቶ ስለነበር፣ ቀድመን የመጣነው እኛ በመሆናችን በስምምነት በትልቁ ዌልስን እናይ ነበር። በዚያው ሰዓት የሃላንድ ኖርዌይ ትጫወት ስለነበር የእሱን ጎል የሚጠብቁ ወጣቶች ከኋላችን ተቀምጠዋል። መደበኛው ሰዓት ተጠናቆ በ91ኛው ደቂቃ መቄዶንያ አገባች። በዚያ ምሽት በልጁ ቦታ የተተካው አስተናጋጅ «አለቀ እኮ» ብሎ ሪሞቱን አነሳና ወደ ኖርዌይ ቀየረው። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲመልስልን ለመንነው፤ ወጣቶቹ ጮኹ፤ እሱም ዝም አለ። ዴቪድ ብሩክስ በ96ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገበትን ጎል ያየሁት በማግስቱ በስልኬ ነው። ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ በብርድ ተቀምጦ የጠበቁትን ነገር በመጨረሻው ደቂቃ መነጠቅ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ የከፈለ ደንበኛ የገዛው ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ነው።

በማግስቱ ሄጄ ለባለቤቷ ነገርኳቸው። ሰበብ አልፈለጉም። «ልክ ነህ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለው 20 ብሬን መለሱልኝ፤ የተጀመረ ጨዋታ ፊሽካ ሳይነፋ ቻናሉ አይቀየርም የሚል ወረቀትም በልጃቸው አስጽፈው ከትልቁ ቴሌቪዥን ሥር ለጠፉ። የሁለተኛው ዲኮደር ክፍያም ከዚያ ወዲህ ተቋርጦ አላገኘሁትም።

ስለ ክለቦቹ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ ቤቱ በዚህ በኩል የሚሰጠው ጥቂት ስለሆነ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ሬክሳምና ኒውፖርት የዌልስ ከተሞች ክለቦች ቢሆኑም የሚጫወቱት በእንግሊዝ ሊጎች ነው፤ ካርዲፍ በ1927 እ.ኤ.አ. አርሴናልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ዋንጫን ከእንግሊዝ ውጪ የወሰደ ብቸኛው ክለብ ነው። ዌልስ የራሷ ሊግም አላት፤ የዚያ ሊግ ሻምፒዮን ዘ ኒው ሴንትስ በዚያ የውድድር ዘመን በአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ዋና ውድድር ላይ በመድረስ ከሊጉ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ፤ የካዛኪስታኑን አስታናንም 2 ለ 0 አሸነፈ። ይህን ጨዋታ ቤቱ አላሳየም፤ ሊግ ዋን የሚባለውን የእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ጨዋታዎችንም አያሳይም።

ስለዚህ የዓመቱን ትልቁን የክለብ ቀን፣ ሚያዝያ 18 ቀንን፣ ያሳለፍነው ስልክ ላይ አጎንብሰን ነው። የዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ ነበር። ትልቁ ቴሌቪዥን ክሪስታል ፓላስ አስቶን ቪላን 3 ለ 0 ያሸነፈበትን የኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ያሳያል፤ አዳራሹ ደግሞ በኋላ ለሚጀምረው የባርሴሎናና የሪያል ማድሪድ የንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ቦታ በሚይዙ ሰዎች ሞልቷል። በዚያው ቀን ካርዲፍ ከዌስት ብሮም ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ፤ ሬክሳም ደግሞ ቻርልተንን 3 ለ 0 አሸንፎ ከዚያው ከሦስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፑ፣ ወጣ። አንዱ በወረደበት በር ሌላው ሲገባ በአንድ ምሽት ማየት ደስታን ከሐዘን ጋር ያደባልቃል። ሬክሳም 15 ዓመት በአምስተኛው እርከን ሲማቅቅ የኖረ ክለብ ነው፤ ሁለት የፊልም ተዋናዮች በ2021 እ.ኤ.አ. ከገዙት በኋላ በአሠልጣኝ ፊል ፓርኪንሰን ሥር በተከታታይ ሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ አድጓል፤ በእንግሊዝ አምስት ከፍተኛ እርከኖች ይህን ያደረገ ሌላ ክለብ ከዚህ በፊት አልነበረም። ልጁ በስልኬ ያሳየሁትን ውጤት አይቶ ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ጨዋታዎች ሥር «ሬክሳም አደገ» ብሎ በጠመኔ ጨመረበት።

የተለጠፈው ወረቀት የተፈተነው ሰኔ 2 ቀን ነው። ዌልስ ብራስልስ ላይ በቤልጅየም ገና በ27ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 ስትመራ፣ ከኋላ የተቀመጡት «ይሄ አለቀለት፣ ሌላ ክፈት» ማለት ጀመሩ። ልጁ በእጁ ወደ ወረቀቱ ከማመልከት በቀር መልስ አልሰጠም። በዕረፍት ሰዓት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ግን ቡና እስኪቀዳ ባለው ጊዜ ውስጥ ተነሳ። ከዕረፍት በፊት ዊልሰን በፍጹም ቅጣት ምት አንድ መልሶ ነበር፤ ሶርባ ቶማስ ሁለተኛውን፣ ብሬናን ጆንሰን ሦስተኛውን አገቡ። 3 ለ 3 ሲሆን ሌላ ቻናል ሲጠይቁ የነበሩት ሁሉ ቆመው ነበር። ደ ብሩይነ በ88ኛው ደቂቃ አራተኛውን አግብቶ ቤላሚ በአሠልጣኝነቱ የመጀመሪያውን ሽንፈት ቀመሰ፤ ሆኖም በዚያ ምሽት ከቤቱ የወጣሁት አንድም ደቂቃ ሳይጎድልብኝ ነው።

የሴቶቹ ቡድን ጉዳይ ይቀራል። ኅዳር 24 ቀን ደብሊን ላይ አየርላንድን 2 ለ 1 አሸንፈው በድምር 3 ለ 2 በማለፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር ሲበቁ ቤቱ ጨዋታውን አላሳየም፤ ጠይቄም «የሴቶች ኳስ የሚያይ የለም» ተብዬ ነበር። በሰኔ ማብቂያ በስዊዘርላንድ የአውሮፓ ዋንጫው ሲጀመር ግን ትንሹ ቴሌቪዥን ሦስቱንም ጨዋታ አሳየ። ውጤቱ ከባድ ነበር፤ በኔዘርላንድስ 3 ለ 0፣ በፈረንሳይ 4 ለ 1፣ በእንግሊዝ 6 ለ 1። ሐምሌ 2 ቀን ፈረንሳይ ላይ ጄስ ፊሽሎክ ስታገባ መስመር ዳኛዋ ከጨዋታ ውጪ ብላ ባንዲራዋን አንስታ ነበር፤ በቪዲዮ ዳኝነት (ቫር) ታይቶ ጎሉ ጸደቀ፤ ዌልስ በሴቶች ትልቅ ውድድር ያስቆጠረችው የመጀመሪያ ጎልም ሆነ። ያን ጊዜ ከጀበናቸው አጠገብ ቀና ብለው ይመለከቱ የነበሩት ባለቤቷ «ይህቺ ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። 38 ዓመቷ እንደሆነ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ የጎሉ ድጋሚ ምስል እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። ከአራት ቀን በኋላ ለእንግሊዙ ጨዋታ ስመጣ በትንሹ ቴሌቪዥን ፊት ካለው አግዳሚ አንዱ ጫፍ በነጠላቸው ተይዞ አገኘሁት።