ለድመቴ የገዛሁት ማረጋጊያ እና የታደገችን ሐኪም

ለስድስት ሳምንት ወደ አገር ቤት ስመጣ ድመቴን ዳማን የምተውላት ሰው ስላላገኘሁ ይዣት መጣሁ። በረራው ያለ ብዙ ችግር አለፈ፤ ጭንቀቷ የጀመረው ከደረስን በኋላ ነው። ወጪ ወራጁ፣ የማታውቀው ሽታ፣ የበሩ መንኳኳት ተደራርቦባት አልጋ ሥር ገባች፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ካልሆነ በቀር ለመብልም አትወጣም ነበር። በምኖርበት አገር ሶኬት ላይ የሚሰካ የፌሮሞን (እንስሳት እርስ በርስ መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል) ማረጋጊያ እጠቀምላታለሁ። መሰኪያውን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ፈሳሹን ረስቼው መጣሁ።

ድመት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያየው ድመት ጉንጯን ከበር መቃን፣ ከወንበር እግርና ከሰው ቁርጭምጭሚት ጋር ታሻሻለች። ይህን ስታደርግ ከፊቷ ዕጢዎች የሚወጣውን ፌሮሞን እየቀባች ቦታውን የራሷና የምታምነው ታደርገዋለች። ማረጋጊያው የዚህ ፌሮሞን ሰው ሠራሽ አምሳያ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለ30 ቀን ያህል ይቆያል፣ ከ50 እስከ 70 ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታም ይሸፍናል። ለዚህ ታሪክ ዋናው ነገር ግን ሰው የፌሮሞኑን ሽታ ፈጽሞ የማይለይ መሆኑ ነው።

የቤት እንስሳት ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ነጋዴ ደወልኩ። የምፈልገውን ስም ነገርኩት፣ የባዶውን ጠርሙስ ፎቶ ላክሁለት፤ እሱም «እህቴ፣ ዕቃው አለ፤ ነገ ይደርስልሻል» ብሎ ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሜ እንድከፍል ጠየቀኝ። ዋጋው በውጭ ከምገዛበት ሦስት እጥፍ ነበር፤ ዕቃው ከሩቅ የሚመጣ ነው ብዬ ሳልከራከር ከፈልኩ። በማግሥቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ስደውል አድራሹ መንገድ ላይ ነው ተባልኩ፤ በአምስተኛው ቀን ስልኩ አይነሳም፤ በሰባተኛው ቀን ዕቃው ገና ከመጋዘን እንዳልወጣ ሌላ ሰው ነገረኝ። ቁርጡን ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ መላ እፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ቀን ሲያልፍ ዳማ ከአልጋው ሥር ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፤ የምትበላውም በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቆመች ጉበቷ በስብ ሊሞላ እንደሚችል ስለማውቅ ሌሊት እየተነሳሁ ሳህኗን አይ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠርሙሱ መጣ። ላዩ ላይ የተኛች ድመት ሥዕልና «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ የተጨመሩትን ነገሮች ዝርዝር ግን አላገኘሁበትም። ስከፍተው ክፍሉን የሞላው መዓዛ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር፤ ድካምና ጉጉት አሸነፉኝና ሰካሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳማ ከአልጋው ሥር ወጣች፤ የወጣችው ግን ተረጋግታ አልነበረም። አገጯ በምራቅ ረጥቧል፣ ኋላ እግሮቿ ይንገዳገዳሉ፣ የግንባሯ ጠጉር ዘይት እንደነካው ተጣብቋል። መሰኪያውን ነቅዬ መስኮቱን ከፈትኩ፤ በፎጣ ጠቅልዬ በጉዞ ሳጥኗ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኋት።

በምኖርበት አገር እንደዚህ በሌሊት ብሄድ በመጀመሪያ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቀጥሎ የሚገመተውን ወጪ ፈርሜ አስይዛለሁ። እዚህ ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው ድመቷን ነው። ከሳጥኗ ጎትታ አላወጣቻትም፤ የላይኛውን ክዳን ፈትታ፣ ዳማን እታችኛው ግማሽ ላይ እንደተቀመጠች በፎጣ ከልላ መረመረቻት፤ ጠጉሯንም በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጠበች። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ «አይዞዎት፣ በጊዜ አምጥተዋታል» አለችኝ። ለዓመታት በሌላ ቋንቋ ሐኪም ሳነጋግር የኖርኩ ሰው ነኝና ያን ቃል ስሰማ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ቀጥላ እንዳስረዳችኝ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከተክል የተጨመቀ ጠንካራ የመዓዛ ዘይት ነው። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶች የያዟቸውን ብዙ ኬሚካሎች ለመሰባበር የሚያስፈልገው ኢንዛይም ይጎድለዋል፤ ለሰው መልካም ሽታ የሆነው ነገር ድመቷ ሳንባ ይገባል፣ ጠጉሯ ላይ ያረፈውንም ራሷን ስትልስ ትውጠዋለች። የቲ ትሪ ዘይት በተለይ አደገኛ ነው። የሰው ማስታገሻም በግምት እንዳይሰጥ፣ ፓራሲታሞል ድመትን እንደሚገድል አጥብቃ ነገረችኝ። ፌሮሞኑም ቢሆን ለሁሉም ድመት እኩል እንደማይሠራ፣ ከሶፋ ጀርባ ከተሰካ ከንቱ እንደሚሆን፣ ከአልጋው ሥር በግድ ማስወጣትም ፍርሃቷን እንደሚያባብስ ገለጸችልኝ። ያዘዘችው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አፉ የተከፈተ ካርቶን፣ ከፍ ያለ መቀመጫና የእኔ የተለበሰ ሹራብ ነበር። የሚገርመው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠርሙስ ስጠብቅ ካርቶኑ ዕቃ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ዳማ በሁለተኛው ቀን ካርቶኑ ውስጥ ተኝታ አገኘኋት፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ጉንጯን ከክፍሉ በር ጋር አሻሸች።

ነጋዴው ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው «የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ አይጎዳም፣ ሁሉም ማረጋጊያ አንድ ነው» አለኝ። ሁሉም አንድ አይደለም። የጠየቅሁት ፌሮሞን፣ የሰጠኝ የመዓዛ ዘይት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ላያቸው ላይ ያለው የድመት ሥዕል ብቻ ነው። የሐኪሟን ማስረጃ ልኬለት እስከ ተሳፈርኩበት ቀን ድረስ መልስ አልሰጠኝም። የዘገየበትን ዘጠኝ ቀን ይቅር ልለው እችል ነበር፤ የሚሸጠውን ነገር ሳያውቅ ለሌላ ድመት እየሸጠ መቀጠሉ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከመመለሳችን በፊት ለጤና ማረጋገጫ ወደ ሐኪሟ ተመልሰን ሄድን። ለዚያ ምርመራ ጋባፔንቲን የሚባል ጭንቀት የሚያረግብ መድኃኒት አዘዘችልን፤ ከቤት ከመውጣታችን ሁለት ሰዓት በፊት እንዲሰጣትና መጠኑን አስቀድሜ ቤት ውስጥ ባልተጨናነቀ ቀን እንድሞክረው ነገረችኝ። ለበረራው ግን ብዙ አየር መንገዶች በመድኃኒት የደነዘዘ እንስሳ ስለማይቀበሉ የፌሮሞን ርጭት ብቻ እንድጠቀም መከረችኝ፤ ርጭቱን ከራሷ ክሊኒክ ያገኘሁት ሲሆን፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ አስቀድማ ከነገረችኝ ጋር አንድ ነበር። በጉዞው ጠዋት ሳጥኑን ረጭቼ አልኮሉ እስኪተን 15 ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ሹራቤን አነጠፍኩ፤ ዳማ ማንም ሳይገፋት ገብታ ተኛች።